የሆድ ሕመምተኛ ማዕድ በአሶሳ

ከሐኪም ቤት የሚመለስ የሆድ ሕመምተኛ በእጁ ይዞት የሚመጣው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ አንድ ረዥም የክልከላ ዝርዝርም ጨምሮ ይመጣል። በርበሬ ተው፣ ቡና ተው፣ የኮመጠጠ እንጀራ ተው፣ ሽሮ ተው፣ ሽንኩርት አታብዛ፣ ቅባት የበዛበትን ወጥ አትቅመስ ተብሏል። ሕመምተኛው ዝርዝሩን ለባለቤቱ ወይም ለእናቱ ያስረክባል፤ ከዚያ ወዲያ ከእርሱ የሚጠበቀው አለመብላት ብቻ ነው። «እንግዲያው ምን ይብላ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከምድጃው ፊት በቆመችው ሴት ራስ ላይ ይወድቃል።

ያች ሴት ደግሞ የምትከራከረው ከዝርዝሩ ጋር ብቻ አይደለም። አማቷ ሊጠይቁ መጥተው ድስቱን ገለጥ ያደርጉና፣ «ልጄ፣ ሽንኩርት የሌለው ወጥ ደግሞ ወጥ ይባላል ወይ?» ይላሉ። «እማማ፣ ሐኪሙ ከልክሎት እኮ ነው» ስትላቸው፣ «ሐኪሙ መች ወጥ ሠርቶ ያውቃል!» ብለው ክዳኑን ይመልሱታል። እንዲህ ያለ ንግግር ያልተሰማበት ቤት ጥቂት ይመስለናል። አማትየውም ቢሆኑ ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ የደጋው ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነውና፣ መሠረቱ ሲነሣ የሚቀረው ቀይ ውኃ ነው።

ይህን ጉዳይ በአሶሳ በኩል ለመመልከት የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሶሳ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ ተጠግታ የምትገኝ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። በገበያዋ ሁለት ዓይነት ባልትና ጎን ለጎን ይታያል። አንደኛው የአገሬው የበርታ ሕዝብ ባልትና ነው፤ ይኸውም የማሽላ ገንፎ፣ ባምያ፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ ዝናብ ሲገባም የቀርከሃ ቡቃያ ነው። ሁለተኛው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በታላቁ ድርቅ ምክንያት ከወሎ በሰፈራ የመጡት ቤተ ሰቦች ይዘውት የመጡት ነው፤ ይኸውም እንጀራ፣ ቀይ ወጥ፣ ሽሮና ምስር ነው። ወሎዬም ለማሽላ እንግዳ አልነበረም፤ የማሽላ እንጀራ ሲበላ ያደገ ብዙ ነው። ባምያን ግን ብዙው ያየው እዚያ ደርሶ ነው። ከአርባ ዓመት ጉርብትና በኋላ እንኳ፣ በአንዱ ቤት ሰው ሲታመም ለሕመምተኛው የሚሆነው ምግብ በጎረቤት ድስት ውስጥ ሲፈላ፣ የራስን ድስት ብቻ እየተመለከቱ «የሚበላ ጠፋ» ማለት ይኖራል።

ወደ ምድጃው ከመቅረባችን በፊት ግን ስለ ሕመሙ ጥቂት መናገር ግድ ነው፤ «ጨጓራ» በሚል አንድ ስም ብዙ ዓይነት ሕመም ይጠራልና።

በቀድሞው ዘመን የጨጓራ ቁስል የሚመጣው በቅመምና በሐሳብ ብዛት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በአሜሪካ አገር በቺካጎ የነበረው ሐኪም በርትራም ሲፒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. ለቁስለኞች በየሰዓቱ ወተትና ቅባቱን እኩል ቀላቅሎ የማጠጣትን ዘዴ አሳተመ። ይህ ዘዴ ለብዙ ዐሥር ዓመታት በዓለም ሐኪም ቤቶች ሁሉ ሲሠራበት ኖረ፤ «ጨጓራ ካመመህ ወተት ጠጣ» የሚለው ምክር እስከ ዛሬ በየመንደሩ የቀረው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም። በኋላ እንደ ታወቀው ወተት ለጥቂት ጊዜ ያስታግሣል እንጂ፣ ጥቂት ቆይቶ የጨጓራውን አሲድ መልሶ ያበዛዋል። በ1982 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሐኪሞች በጨጓራ ውስጥ የሚኖር አንድ ተሕዋስ አገኙ፤ ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ነው። የሚያምናቸው ሰው ቢያንስ፣ ማርሻል በ1984 ዓ.ም. ተሕዋሱን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ ጨጓራውም ሲቆጣ በመሣሪያ ታየ። ሁለቱም በ2005 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ቁስሉን የሚያመጣው በርበሬው አይደለም። ዋኖቹ ምክንያቶች ይህ ተሕዋስና ሰው ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ከየመደብሩ እየገዛ የሚውጣቸው እንደ አስፕሪን፣ እንደ ዳይክሎፌናክና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ክኒኖች ናቸው። በርበሬ የቆሰለውን ያቃጥላል፤ አላቆሰለውም። ልዩነቱ ለወጥ ቤቷ ሴት ታላቅ ነገር ነው። ተሕዋሱ በምርመራ ከታወቀ፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ያህል በሚወሰዱ ሁለት ፀረ ተሕዋስ መድኃኒቶችና አሲዱን በሚቀንስ ሌላ መድኃኒት ይታከማል፤ ሕመምተኛው በአምስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ካላቋረጠው ይድናል። ተሕዋሱ በውስጡ ሳለ ዓመት ሙሉ አልጫ ቢበላ ግን ተሕዋሱ አብሮት አልጫ ይበላል እንጂ አይሞትም።

ሌላው ዓይነት ሕመም ከጨጓራው ዝቅ ብሎ በአንጀት ያለው ነው። ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ አንድ ቀን ይደርቃል፣ አንድ ቀን ይለቃል፤ በምርመራ ግን ቁስል አይታይም። ለዚህ ዓይነቱ በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አንድ የአመጋገብ ሥርዓት አውጥተዋል። በሥርዓቱ መሠረት የሚቀነሱት በአንጀት ውስጥ ሳይፈጩ እየፈሉ አየር የሚፈጥሩ የስኳር ዓይነቶች ያሉባቸው ምግቦች ናቸው። ዝርዝሩን ያየች ኢትዮጵያዊት እናት ብትደነግጥ አይፈረድባትም፤ ከፊተኞቹ ውስጥ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ባቄላ አሉበት። የጾም ወጥ ሁሉ ተጠርጎ ወጣ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሴሊያክ የሚባለው ነው። ሊጥን እንደ ሙጫ የሚያያይዘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀታቸውን የሚጐዳባቸው ሰዎች አሉ፤ ግሉተን ያለውም በስንዴ፣ በገብስና በራይ ነው። የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲኬ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. መካከል በነበረው የረኀብ ክረምት፣ ዳቦ ሲጠፋ እነዚህ ሕፃናት እየተሻላቸው መሄዱን አስተዋለ። ሌላው ሕዝብ በረኀብ ሲጠወልግ እነርሱ መዳናቸው ምንኛ ድንቅ ነው! በአውሮፓ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ዳቦ መተው ታላቅ መከራ ነው። በአሶሳ ግን ማሽላም፣ በቆሎም፣ ጤፍም ግሉተን የሌለባቸው ስለ ሆኑ፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ወፍጮ ቤት ነው። ከፊት የተፈጨው ስንዴ ከሆነ ትራፊው ከማሽላው ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል። ስለዚህ ሴሊያክ ያለበት ቤት ተራውን ከበቆሎ ወይም ከማሽላ በኋላ መያዝ፣ በሶና የገብስ ቆሎንም ከሕመምተኛው ማራቅ አለበት። ስንዴውን ከመተው በፊት ግን የደም ምርመራው ይቅደም፤ አስቀድሞ የተወ ሰው ሲመረመር ሕመሙ ሊሸሸግ ይችላል።

አሁን ወደ ድስቱ እንመለስ።

ሽንኩርት የሚሰጠው ጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ በቅመም በተተካ ነበር። ሽንኩርት የወጥ ሥጋ ነው፤ መረቁን የሚያወፍረው፣ እንጀራ ላይ ሲፈስ እንዳይሮጥ የሚይዘው እርሱ ነው። የደጋዋ ባለሞያ ሽንኩርቱን ስታነሣ የምትቸገረው በዚህ ነው። የበርታ እናቶች ግን መረቅን በሌላ ነገር ማወፈር ያውቁበታል። ባምያው በትኩስነቱ ይከተፋል፤ ወይም በፀሐይ ደርቆ ይወቀጥና ዱቄቱ ይቀመጣል። ከጠረፉ ማዶ ያሉት ሱዳኖችም ይህንኑ ዱቄት ወይካ ብለው ይጠሩታል። ከዚህ ዱቄት በማንኪያ ተለክቶ በፈላ የዶሮ ወይም የሥጋ መረቅ ላይ ሲበተንና ሲማሰል፣ መረቁ ወዲያው ይያያዛል። ልዝብነቱ እንደ ተልባ ነው፤ ለተልባ ያልተሰቀቀ ሰው ለባምያም አይሰቀቅም። የተቆላ ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ ተፈጭቶ ቢጨመርም መረቁን ያወፍራል፤ ሆኖም ቅባታቸው ብዙ ስለ ሆነ ቃር ለሚያስቸግረው ሰው በጥቂቱ ይሁን። ባምያም ቢሆን ሲበዛ የሚነፋው ሰው አለና፣ መጀመሪያ በትንሽ ተሞክሮ ይጨመር።

የጣዕሙ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ብዙ ሴቶች ሽንኩርቱን ከድስቱ አስወጥተው በርበሬውን «ለሽታ ያህል» ጣል ያደርጋሉ፤ ሕመምተኛው ግን ይነፋል፤ ነገሩ ግራ ይሆናል። ምሥጢሩ በርበሬው ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት አብሮ ተደልቆ መግባቱ ነው። የሽሮውም ዱቄት እንደዚያው ነው። ስለዚህ ለሕመምተኛው የሚሆን ቅመም ለብቻው በትንሽ ጠርሙስ ይዘጋጅ፤ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ኮረሪማ፣ ድንብላል፣ ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላና ኮሰረት ለዚህ ይበቃሉ። ኮረሪማና ዝንጅብል ያሉት ወጥ «የሕመምተኛ ምግብ» የሚል ሽታ የለውም።

ነጭ ሽንኩርቱ በጣም ለናፈቀው ደግሞ አንድ ብልኃት አለ። አንጀቱን የሚያስቸግረው ስኳር የሚሟሟው በውኃ እንጂ በዘይት አይደለም። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱ ሳይከተፍ በሙሉ ፍሬው በዘይት ውስጥ ይሞቅና ሽታውን ከሰጠ በኋላ ተለቅሞ ይወጣል፤ ዘይቱ ለወጡ ይሆናል። ይህ ዘይት በዕለቱ ይለቅ፤ ነጭ ሽንኩርት የነካው ዘይት ተቀምጦ ቢከርም አደገኛ መርዝ የሚፈጥር ተሕዋስ ሊያድርበት ይችላል።

ሁለት ድስት መጣድ በወሬ ቀላል ነው፤ ከሰልና እንጨት የሚገዛ ሰው ግን ያውቀዋል። ችግሩ የወጡ ሥርዓት ነው፤ በእኛ ባልትና ቁሌቱ ይቀድማል፤ ሥጋው ወይም አትክልቱ የሚገባው በርበሬው ከበሰለ በኋላ ነው። ከዚህ በኋላ ለሕመምተኛው መለየት አይቻልም። እንግዲህ ሥርዓቱ ይገልበጥ። ቁሌቱ ለሳምንት የሚሆነው አንድ ቀን ተሠርቶ ይቀመጥ፤ በየዕለቱ ሥጋው ወይም ዶሮው በጨው፣ በዝንጅብልና በእርድ በአንድ ድስት ይቀቀል፤ የሕመምተኛው ድርሻ ከነመረቁ ተቀንሶ ባምያው ይጨመርበት፤ በቀረው ላይ ቁሌቱ ይገልበጥና ለቤተ ሰቡ ይንተክተክ። አማትየው የጣዕሙን ልዩነት ያውቁታል፤ ያም ቢሆን ከሁለት ድስት እንጨት ይህ ይሻላል።

ገንፎውን በሚመለከት፣ ማሽላ በጥድፊያ አይሆንም። ዱቄቱ በደንብ ይነፋ፤ ውኃው ፈልቶ ሳለ እየተበተነ ያለ ዕረፍት ይማሰል፤ ጥሬ ጥሬ የሚለው ጣዕም እስኪጠፋ ድረስ በቀስታ እሳት ይቆይ። ያልበሰለ ገንፎ ጤነኛውንም ሰው ይነፋል። ያደረ ገንፎም እንደዚሁ ነው፤ የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ ከፊሉ ለመፈጨት እንቢ ይላል፤ ለጤነኛ አንጀት ጥቅም አለው፤ ለተቆጣ አንጀት ግን አየር ነው። በደጋው ልማድ በገንፎው መካከል የሚጐደጐደው ስፍራ ቅቤና በርበሬ ይሞላበታል፤ ለሕመምተኛው በዚያ ስፍራ የባምያው መረቅ ይግባበት።

እንጀራ ካልበላሁ አልጠግብም የሚል ሕመምተኛ ቢኖር፣ እርሱም መብት አለው። ቃር ለሚያስቸግረው ሊጡ ሳይኮመጥጥ አፍለኛ ይጋገርለት፤ በሊጡ ላይ የሚያቀረው ውኃም ይደፋ። የማሽላ እንጀራ ግን በሁለተኛው ቀን ደርቆ ይፈረካከሳል፤ ስለዚህ ጤፍ ይቀላቀልበት።

በክረምት አሶሳ ገበያ የሚወጣው የቀርከሃ ቡቃያ ለስላሳና ቀላል አትክልት ነው። ጥሬው መርዝነት ያለው ነገር ስላለበት ሳይቀቀል አይበላም፤ ልጣጩ ተነሥቶ ተከትፎ ይቀቀል፤ ውኃው ይደፋና በአዲስ ውኃ ደግሞ ይቀቀል። ይህን የአገሬው እናቶች ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያውቁታልና፣ አዲስ የምትሠራው ሴት ከሻጪዋ ጠይቃ ብትማር ይሻላታል። ከዝንጅብልና ከኮረሪማ ጋር ሲሠራ፣ ጎመን ለሰለቸው ሰው እፎይታ ነው።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ግን ማዕዱ ነው። በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጦ ለብቻ በሳህን መብላት ልብ ይሰብራል። ጉርሻ ይመጣል፤ እንቢ ቢሉ ቅያሜ ነው፤ እሺ ቢሉ ሌሊቱን ማልቀስ ነው። ለቡናም አቦሉን ቢያልፉት ቶናው፣ ቶናውን ቢያልፉት በረካው አለ። ለዚህ የምንመክረው የሕመምተኛውን ምግብ ለብቻው ደብቆ ከማቅረብ ይልቅ ባምያውን በመሶቡ መካከል ለሁሉ ማውጣት ነው። ልጆች ከቀመሱት፣ አባት ከጐረሰበት፣ የሕመምተኛ ምግብ መሆኑ ይቀራል፤ ጐራሹም ከዚያው ጠቅልሎ ማጉረስ ይችላል። ቡናውን በቀጭን የዝንጅብል ሻይ የተካ ሰው ስኒውን ከሰው ጋር ያነሣል።

የጾም ጊዜም የራሱ ጣጣ አለው። በእስልምናም ሆነ በኦርቶዶክስ ክርስትና ሕመምተኛ ከጾም የሚታገሥበት ሥርዓት ስላለ፣ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር መነጋገር ይገባዋል። እጾማለሁ ካለ፣ ረመዳን ላይ ማፍጠሪያው በሳምቡሳና በቃሪያ አይጀመር፤ በለብ ያለ ውኃና በቀጭን የማሽላ አጥሚት ተጀምሮ ቀሪው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይቀጥል። በክርስቲያኑ ጾም ምስር ካልቀረ፣ የተከካው ምስር አድሮ ይዘፍዘፍ፤ የተዘፈዘፈበትና የመጀመሪያው የተቀቀለበት ውኃ ይደፋ፤ የሚነፋው ስኳር ከፊሉ ከውኃው ጋር ይሄዳል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ አንድ ነገር ካልተጨመረበት ጉዳት ያመጣል። የክልከላው ዝርዝር ሲሰጥ «እስከ መቼ?» ተብሎ ይጠየቅ። ብዙ ሰው ለአንድ ወር የተነገረውን ተው ዐሥር ዓመት ይዞት ይኖራል፤ በየጊዜውም ከጎረቤት የሰማውን አዲስ ክልከላ ይጨምርበታል፤ እንቁላል ይተዋል፣ ሥጋ ይተዋል፣ ወተት ይተዋል፤ በመጨረሻ ከሕመሙ ይልቅ ረኀቡ ያከሳዋል። የሞናሽ ሊቃውንት እንኳ ጥብቁን ክልከላ የሚያዝዙት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተተዉት ምግቦች አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ አንዱ ምግብ ለሦስት ቀን በትንሽ ተጀምሮ እየተጨመረ ይፈተናል፤ ሆድ ከተቀበለው ይቀራል፤ ካልተቀበለው ለጊዜው ይነሣል። ስንዴን ለዕድሜ ልክ መተው ያለበት ሴሊያክ መሆኑ በምርመራ የታወቀ ሰው ነው።

ማስታወክ ከደም ጋር ከሆነ፣ ዓይነ ምድር እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ወይም ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ ግን የባምያና የገንፎ ጉዳይ አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ፈተናው በአሶሳ በጣም የሚከብደው ለማንጎ ነው። ማንጎ በየግቢው ያለ ዛፍ ነው፤ በወራቱ ልጆች በቅርጫት ያመጡታል፤ ገበያው በብጫ ይሞላል። ለጨጓራ ቁስለኛ ብዙም አይከፋም፤ አንጀቱ ለሚነፋው ግን የፍሬው ስኳር ከባድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ፓፓያ ይሻለዋል። የክልከላው ሳምንታት ሲያልቁ ማንጎ በሁለት ቁራጭ ይጀመር፤ በማግሥቱ አራት ይሁን፤ በሦስተኛው ቀን ግማሽ ፍሬ። ሆዱ ከተነፋ ለዘንድሮ በፓፓያ ይቆይና ለከርሞ ማንጎው እንደገና ይፈተን።